የትህትና ደብተር

ሶልያና የከፍተኛ የእጅ አሽከርካሪነት ፈተናን ዘጠና ሰባት አምጥታ ያለፈች ዕለት፣ ፈታኙ ከመኪናው ወርዶ በሯን ከፈተላትና እጇን በሁለት እጁ ይዞ «ያጽናዎት» አላት።

ጆሮዋን ማመን አቃታት። ጊዜው 2061 ዓ.ም. ነው። ባሕር ዳር ውስጥ መሪ ያላቸው መኪኖች የቀሩት አሥራ ሁለት ሲሆኑ፣ እነሱን እንዲነዳ የሚፈቀድለት ሰው በዓመት ከሃያ አይበልጥም። የቀረው ሕዝብ መኪና ውስጥ ይገባል፣ የሚሄድበትን ይናገራል፣ ከዚያ ጢሙን ይላጫል ወይም ቁርሱን ይበላል ወይም ይተኛል። እንግዲህ ይህን ፈተና፣ ያውም በዘጠና ሰባት፣ ያለፈ ሰው «እንኳን ደስ አለዎት» ይባላል እንጂ ለቅሶ ቤት የሚባለውን ምን አመጣው?

«ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ምንም አላጠፉም» አለ ፈታኙ አንገቱን ደፍቶ። «እሱ ነው እኮ ችግሩ። የቀረዎት ሦስት ነጥብ ብቻ ነው።»

ሶልያና ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ቤት ስትሠራ አንድም ቀን መድኃኒት አሳስታ ሰጥታ አታውቅም። ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንደኛ ነበር የምትወጣው። ሰባተኛ ክፍል ላይ አንድ ጊዜ ሁለተኛ ወጥታለች፤ ያኔ አንደኛ የወጣውን ልጅ ስም እስከ አያቱ ድረስ ዛሬም ትጠራዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ፈተና ፊት ሲቀመጥ ትንሽ ይበቃኛል የሚል ሐሳብ አይመጣለትም።

ፈተናውም ቀላል አልነበረም። አንድ ሰዓት ተኩል መንዳት ብቻ ሳይሆን፣ እየነዱ የሚያዩትን ሁሉ ጮክ ብሎ መናገር ግዴታ ነው። ሶልያና ከአባይ ድልድይ እስከ ገበያው ድረስ አፏ አልተዘጋም። «ከፊቴ ባዶ ባጃጅ፤ ፍሬቻ አብርቷል፤ ተሳፋሪ ሊጭን ነው። በስተቀኝ ሁለት ተማሪዎች፤ ተጣልተዋል፤ አንዷ ከንዴቷ የተነሣ ሳታይ ልትሻገር ትችላለች። በስተግራ አህያ፤ ገና አልወሰነም።» ለአህያው ብቻ አራት ነጥብ ተሰጣት። በዚያ ዘመን መኪናው ተሻሽሎ፣ ባጃጁ ያለ ሹፌር እየሄደ፣ አስፋልቱ ራሱን በራሱ እየጠገነ፣ አህያ ብቻ እንደ ድሮው ቀርቶ ነበር። ፈታኞች ለዚህ ሲሉ ይወዱታል።

ሦስቱ ነጥቦች የጎደሉት በማማተቧ ነው። በመንገዱ ላይ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በሦስቱም ስታልፍ ቀኝ እጇ ሳታዝዘው ከመሪው ተነሥቶ ግንባሯ ጋ ደረሰ። ፈታኙም ሃይማኖተኛ ሰው ነበርና አብሯት አማተበ፤ ከዚያም ነጥቡን ቀነሰ።

*

«ሰማንያ!» አሉ ጋሽ ናሆም፣ ውጤቷን ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው እያቃሰቱ። «ሰማንያ አምጪ አላልኩሽም? ስንት ጊዜ ነገርኩሽ?»

ጋሽ ናሆም ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ወጣት ሳሉ ሚኒባስ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ በከተማዋ ከዚያ ዘመን ሹፌሮች የቀሩት እሳቸው ናቸው። በእጅ መንዳት ያስተማሯትም እሳቸው ሲሆኑ፣ የሰርግ መኪና በመንዳት ይተዳደራሉ። ፈተናውን አሥራ አንድ ጊዜ አልፈውታል፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ ያመጡት ድፍን ሰማንያ ነው።

«ጋሼ፣ ፈተና ላይ ተቀምጬ መልሱን እያወቅሁ ልሳሳት?»

«አዎ!»

«አልችልም።»

«ታዲያ አሁን ምን ልትሆኚ ነው?»

ደንቡን ሁለቱም ያውቁታል። የመንጃ ፈቃዱ ሕያው ነው ይላል ደንቡ፤ ሕያው ነገር ደግሞ ያድጋል። ስለዚህ ያለፈ ሰው በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ነጥብ ማሻሻል አለበት፤ ካላሻሻለ እሁድ ማታ ፈቃዱ ይሞታል። በሰማንያ ያለፈ ሃያ ሳምንት ይነዳል። ከዚያ ፈቃዱን ይመልስና አንድ ወር ጠብቆ እንደገና ይፈተናል። በዘጠና ሰባት ያለፈ ግን ሦስት ሳምንት አለው።

የአስካለ ሰርግ ደግሞ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።

አስካለ የሶልያና አንድ ልጇ ናት። በዚያ ዘመን የቅድመ አያቶች ስም ተመልሶ ፋሽን ስለሆነ የዕድሜ እኩዮቿ ሁሉ አስካለ፣ ደምሴ፣ ውድነሽ ይባላሉ። ሙሽራውም ደምሴ ነው። ሰርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆርጧል። ስድስት ዓመቷ ሳለ አባቷ ዮናታን ጭኑ ላይ አስቀምጧት «ስታገቢ የሙሽራዋን መኪና የምነዳው እኔ ነኝ፤ የዘንባባ አደባባይን ሰባት ጊዜ ነው የማዞርሽ፤ ክላክስ እያደረግሁ» ብሏት ነበር። ዮናታን ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ሶልያና ቃሉን ከነቁጥሩ ተረከበች።

መኪኖቹ ይህን በራሳቸው አያደርጉም። ክላክስ የላቸውም፤ አደባባይም ከአንድ ዙር በላይ አይዞሩም፤ ሁለተኛ ዙር ሲጀምሩ የጠፉ ይመስላቸውና ቆመው እርዳታ ይጠራሉ። ከሙሽራዋ ቤት እስከ አዳራሹ የሚወስዱት ባጭሩ መንገድ ሲሆን የሚፈጀውም አምስት ደቂቃ ነው። የዛሬ ሙሽሮች ከቤታቸው ወጥተው ቀሚሳቸውን ሳያስተካክሉ ደርሰው ይወርዳሉ።

«እርስዎ ይንዱላት እንዳልል…»

«በዚያ እሁድ ሌላ ሰርግ ይዣለሁ። ከዚያም በኋላ አራት አለኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ሰው ሁሉ ያገባል።» ጋሽ ናሆም ተከዙ። «የኔም ሃያ ሳምንት በዚያው እሁድ ያልቃል። መቶ ደፍኜ ቁጭ ልል ነው። ሳምንቱን በደንብ አልቆጠርኩትም።»

በመጨረሻ ጋሽ ናሆም ሊያጽናኗት ብለው «ደግነቱ ደንቡ ጨዋ ነው» አሉ። «ፈቃድሽ መንገድ ላይ እያለሽ ቢሞት እንኳ የጀመርሽውን ጉዞ ያስጨርስሻል። ሞተሩን ስታጠፊ ነው ቁልፉን የምትሰጪው።»

ሶልያና ይህ ምን ያጽናናል ብላ ወጣች።

*

መኪናው ውስጥ መካሪ የሚባል ድምፅ አለ። ፈተና ያለፈን ሰው ከዚያ በኋላ እንዲሻሻል የሚመክር እሱ ነው። የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ አለው፤ አይቆጣም፣ አይቸኩልም፤ እያንዳንዱ ጉዞ ሲያልቅም «ጥሩ ነበር። የተሻለ ይቻላል» ይላል።

ሶልያና መሻሻል የምትችልበት ሦስት ቦታ ብቻ እንዳላት ታውቃለች፤ እነሱም ጊዮርጊስ፣ ሚካኤልና ማርያም ናቸው። በየሳምንቱ አንዱን ሳታማትብ ማለፍ አለባት። የትኛውን ታስቀድም? ሁለት ቀን አሰበችበት። በመጀመሪያው ሳምንት ሚካኤልን አለፈች፤ ዮናታን በስሙ ስእለት አስገብቶለት ስለሚያውቅ ብዙም አይቀየማትም ብላ። በሁለተኛው ሳምንት ጊዮርጊስን በልቧ ብቻ ተሳለመች። ማርያምን ለመጨረሻ አቆየቻት። በሦስተኛው ሳምንት በዚያ ስታልፍ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ይዛ «ይቅር በይኝ፤ ለልጄ ሰርግ ነው፤ አንቺም እናት ነሽ» አለች።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተደረገው ንግግር ተመዝግቧል» አለ መካሪው። «እጅ ከመሪው አልተነሣም። ነጥብ አይቀነስም። ጥሩ ነበር። የተሻለ ይቻላል።»

በጾሙ ወራት መሻሻሉ ቤቷም ገባ። ወጥ እየሠራች «በስተግራ ሽሮ፤ ሊገነፍል ነው፤ ፍጥነት እቀንሳለሁ» ትላለች። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ስትሄድ በትከሻዋ ኋላዋን ታያለች። አንድ ቀን አስካለ ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ብታገኛት እናቷ ቀጥ ብላ ቆማ በእጇ «እለፊ» ምልክት ሰጠቻት።

«እማ፣ በናትሽ ተይው» አለች አስካለ። «አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። መኪናው ይወስደናል። ሰውም እንዲህ እያደረገ ነው የሚያገባው።»

«አባትሽ ቃል ገብቷል።»

«አባዬ የለም እኮ እማ።»

«ለሱ ነዋ።»

አስካለ ወደ ክፍሏ ሄደች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና በሩ ላይ ተደግፋ፣ ያልጠየቀች ለመምሰል እየሞከረች፣ «ሰባት ዙር ነበር ያለኝ አይደል?» አለች።

በማግሥቱ ሶልያና ወደ መንጃ ፈቃድ ቢሮው ሄዳ ለሰባት ዙር ማመልከቻ አስገባች። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ለባህላዊ ዓላማ አንድ ዙር ተኩል፣ ያለ ክላክስ፣ ተፈቅዷል ይላል። ግማሹ ዙር የት እንደሚያልቅ የሚያሳይ ካርታ ተያይዞበታል። ለአስካለ ስትነግራት «ምንም አይደል፣ አንድ ተኩልም ጥሩ ነው» አለች። ሶልያና ይህችን «ምንም አይደል» ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃታለች።

*

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት መካሪው ሰላምታ ሰጣት። «መቶ ደፍነዋል። ከዚህ በኋላ በመንዳት ሊሻሻሉ አይችሉም። በጠባይ ይሻሻላሉ።»

«እንዴት?»

«የትህትና ደብተር ተከፍቶልዎታል። መንገድ ላይ ለሰው ቅድሚያ ሰጥቶ ያሳለፈ አንድ ነጥብ ያገኛል። ተለምኖ ቀድሞ ያለፈ አሽከርካሪ አንድ ነጥብ ያጣል። ካለፈው ሰው ምስጋና መምጣት አለበት፤ ያልተመሰገነ ትህትና አይመዘገብም። በዚህ ሳምንት አሥር፣ በሚቀጥለው ሃያ፣ በሦስተኛው አርባ።»

ሶልያና ቅልል አላት። ሦስት ሳምንት! በትክክል የሚያስፈልጋት። ደብተሩ እንዳለ ጋሽ ናሆም እንኳ አልነገሯት፤ መቶ ደፍነው ቆይተው ስለማያውቁ አያውቁትም። ወዲያው ደውላ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ስለ አራቱ ሰርጎቻቸው እያሰቡ «ተይ እንጂ!» አሉ።

ነገሩ ግን እንደ ወሬው አልሆነም። መኪኖቹ አያመሰግኑም፤ ውስጣቸው ያለው ሰው ተኝቷል። እግረኛውም ቢሆን መኪና ሁሉ ስለሚቆምለት ማመስገን ከረሳ ቆይቷል። ማክሰኞ ዕለት መንገድ ዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ አየችና ቆመች።

«አባቴ፣ ይሻገሩ!»

«ወዴት?»

«ወደ ማዶ!»

«ማዶ ምን አለ?»

«ምንም የለም፤ እንዲያው ይሻገሩ።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው።»

«በሞቴ ይሻገሩልኝ!»

ሽማግሌው በሞቴ ሲባሉ እምቢ ማለት አላስቻላቸውም፤ ከዘራቸውን ይዘው ተሻገሩ። ማዶ ደርሰው ጥላ መሆኑን አዩና ዞረው በትዝብት ተመለከቷት።

«አሁን ያመስግኑኝ!» አለች በመስኮት።

«ስለ ምኑ?»

በዚያ ሳምንት አሥሩን የሞላችው ቅዳሜ ማታ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሃያ ይፈለጋል፤ ከዚያ ደግሞ አርባ። ተስፋ ቆርጣ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ሳለ ጎረቤቷ እትዬ ቤቲ መጡ። እትዬ ቤቲ የዕድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ቢሆንም ስብሰባ ሲጠሩ የማይመጣ የለም።

«ይሄ ነው ያስጨነቀሽ?» አሉ ነገሩን ሲሰሙ። «ዕድራችን ለቅሶ ብቻ ነው እንዴ የሚያውቀው? ስንት ሰው ነው የሚያስፈልግሽ?»

ከሰኞ ጀምሮ የዕድሩ እናቶች በተራ ወጡ። እትዬ ቤቲ ስም ዝርዝር ይዘው አስፋልቱ ዳር ወንበር አስቀምጠው ይጠራሉ፤ የተጠራችው ትሻገራለች፣ መሐል ላይ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትሰግዳለች፣ «እግዜር ይስጥልን!» ትላለች። አንዷ ምስጋናው እንዳያንስ ብላ መሬት ሳመች። አንዷ ቆሎ በመስኮት አቀበለች። አንዷ ደግሞ ያንኑ ዘንቢል ይዛ ሰባት ጊዜ ተሻገረች።

«አካባቢው ከፍተኛ የእግረኛ ፍሰት አለው» አለ መካሪው። «ሕዝቡም ጨዋ ነው።»

በሰርጉ ሳምንት አርባኛው ምስጋና ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ተመዘገበ። ቢሮው ደውሎ በከተማዋ የትህትና ደብተርን ሦስተኛ ሳምንት የጨረሰ ሰው እንደሌለ ነገራት። እሁድን ያለ ጉድለት ካለፈች ፎቶዋ በቢሮው ግድግዳ ላይ፣ እንደ ሌሎቹ ጎበዝ አሽከርካሪዎች ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ለዘለቄታው ይሰቀላል። ሶልያና ከዚህ በላይ ደስ ያላት ጊዜ ቢኖር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው። መንዳቱንም ወድዳው ነበር። ከሰርጉ በኋላም ለመቀጠል፣ ሰማንያ ምስጋና ቢያስፈልግ እንኳ ለመሞከር በሆዷ ወስናለች።

*

እሁድ ፀሐዩ ደማቅ ነበር። ሶልያና በአበባ የተሸለመችውን ነጭ መኪና ይዛ ከፊት፣ አሥራ አንድ መኪኖች «ተከተል» ተብለው ከኋላ ተሰለፉ። ካሜራማኑ ከሁሉም ፊት ባለው መኪና መስኮት ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ ወደ ኋላ ይቀርጻል። አስካለ ቀሚሷ ወንበሩን ሁሉ ሞልቶታል። ደምሴ በሕይወቱ ሰው በሚነዳው መኪና ተሳፍሮ ስለማያውቅ የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ ጨብጧል።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ መንገዱን እያዩት ነው አይደል?»

«ከፊቴ ካሜራማን» አለች ሶልያና። «ሊወድቅ ይችላል። ርቀት እጠብቃለሁ።»

ዘንባባ አደባባይ ደረሱ። የካሜራማኑ መኪና ገባ። ሶልያና ልትከተለው ስትል በስተቀኝ ካለው መንገድ ሌላ ባለ አበባ መኪና ብቅ አለና ከእሷ እኩል አደባባዩ መግቢያ ላይ ደርሶ ቆመ። መሪውን የያዙት ጋሽ ናሆም ናቸው። ከኋላቸው ሌላ ሙሽራ ተቀምጣለች፤ ዘጠኝ መኪኖችም ተሰልፈዋል።

ሶልያና ፍሬን ያዘች። መስኮቷን አወረደች።

«ጋሼ፣ ይለፉ!»

«ኧረ አንቺ ቅደሚ!»

«እርስዎ እያሉ? ታላቅ እያለ እንዴት እቀድማለሁ?»

«ሙሽራ ይዘሻል!»

«እርስዎም ይዘዋል!»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት ጋሼ፣ ይለፉ!»

ጨዋነታቸው የእውነት ነበር፤ ችግሩ የእውነት ብቻ አለመሆኑ ነው። ተለምኖ ያለፈ አንድ ነጥብ ያጣል። ጋሽ ናሆም በዚያው ቀን መቶ ደፍነዋል፤ አንድ ቢጎድልባቸው ፈቃዳቸው ማታ ይሞታል፣ አንድ ወር ይጠብቃሉ፣ አራቱ ሰርጎችም ያመልጧቸዋል። ሶልያና ደግሞ ፎቶዋ አለ፣ አርባ ምስጋናዋ አለ፣ መሬት የሳመችው ሴትዮ አለች። ሁለቱም ፈገግ እንዳሉ፣ በእጃቸው መንገዱን እያሳዩ፣ ቆሙ።

አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር ሆነ። ከተማዋ የመኪና መጨናነቅ ካየች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታልና ከኋላ ባሉት መኪኖች የተኙ ሰዎች እየነቁ «ምን ተፈጠረ?» ይሉ ጀመር። ካሜራማኑ ብቻውን አንድ ዙር ዞሮ መኪናው ጠፋሁ ብሎ እርዳታ ጠራ። የሶልያና አጃቢዎች የተሳፈሩባቸው መኪኖችም በትህትና «ሌላ መንገድ ልፈልግ?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱ የአስካለ አክስቶች ሳያስቡት «እሺ» አሉ፤ መኪናቸው ከሰልፉ ወጥቶ ሄደ። ሌላ ተከተለ። ከዚያም ሌላ። አጀቡ በሶልያና ስፖኪዮ ውስጥ አንድ አንድ እያለ ተንጠባጥቦ ስድስት ቀረ። አክስቶቹ አዳራሽ ገብተው መብላት መጀመራቸውን ደውለው ነገሩ።

«እማ» አለች አስካለ ከኋላ፣ በቀስታ። «በቃ ከኋላ ካሉት መኪኖች አንዱ ይውሰደን። አንቺም ነጥብሽ አይጥፋብሽ። ለፍተሽበታል። ምንም አይደል።»

ሶልያና በስፖኪዮ አየቻት። አበባዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወደ አደባባዩ እያየች ነበር፤ ዓይኖቿ የዮናታን ናቸው። ከሁሉ ያሳዘናት ልጇ ለእናቷ ነጥብ ማሰቧ ነው። ለስድስት ሳምንት አንድም ሳትሳሳት ስትነዳ የቆየችው ለማን ነበር?

«መካሪ» አለች። «አሁን ብቀድም ፈቃዴ ይሞታል?»

«ይሞታል።»

«መቼ?»

«የጀመሩት ጉዞ ሲያልቅ፤ ሞተሩን ሲያጠፉ።»

«እስከዚያስ?»

መካሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ዘገየ። «እስከዚያ አሽከርካሪ ነዎት።»

«ከዚያ በፊት ሌላ ነጥብ ቢጎድልስ? ሁለተኛ ይሞታል?»

«ሁለተኛ ሊሞት አይችልም።»

ሶልያና አንገቷን በመስኮት አወጣች። «ጋሼ! እሺ፣ እኔ ልቅደም! እግዜር ይስጥልኝ!» ብላ ጮኸች፤ ያልተመሰገነ ትህትና እንደማይመዘገብ አልረሳችም። ጋሽ ናሆም አፋቸውን ከፈቱ። ነጥቧን ለእሳቸው ሰጥታ እያለፈች መሆኑን ሲረዱ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው ደረታቸው ላይ አደረጉ።

መኪናዋ ወደ አደባባዩ ገባች፤ ሶልያናም መዳፏን ክላክሱ ላይ ጫነችው።

ባሕር ዳር ይህን ድምፅ ከሰማች ብዙ ዓመት ሆኗታል። በረንዳ ላይ ያሉ ሰዎች ብድግ አሉ። ደምሴ «ወይኔ!» ብሎ ወንበሩን አቀፈ። «አንድ!» አለች አስካለ። ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ መስኮቱን አውርዳ በዓይነ ርግቧ ነፋስ እየተጫወተ «ሁለት!» ብላ ጮኸች። የቀሩት ስድስት መኪኖች ጠፍተናል እያሉ ቢያመለክቱም «ተከተል!» እየተባሉ ተከተሉ፤ ክላክስ ስለሌላቸው ዘመዶቹ አንገታቸውን አውጥተው በአፋቸው «ጲጵ! ጲጵ! ጲጲጵ!» አሉ። እልልታው ቀለጠ።

በሦስተኛው ዙር የማርያም ጉልላት በዘንባባዎቹ መሐል ታየ። ሶልያና ቀኝ እጇን ከመሪው አነሣች፤ ከግንባሯ እስከ ደረቷ፣ ከግራ ትከሻዋ እስከ ቀኝ፣ ሳትቸኩል አማተበች። በጊዮርጊስ አቅጣጫ ስትደርስ ደገመች። ሚካኤል ከዚያ አይታይም፤ እሱንም በግምት ተሳለመችው።

«ነጥብ ይቀነሳል» ይላል መካሪው። «ነጥብ ይቀነሳል። ክላክስ፤ ነጥብ ይቀነሳል። ፍሬቻ አልበራም። ከተፈቀደው ዙር አልፈዋል። ነጥብዎ ከዜሮ በታች ወርዷል።»

ጋሽ ናሆም መግቢያው ላይ ቆመው እያሳለፏት ነው። በእያንዳንዱ ዙር በፊታቸው ስታልፍ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!» ትላለች፤ በእያንዳንዱም አንድ ነጥብ ይመዘገብላቸዋል። በአምስተኛው ዙር እንባቸውን እየጠረጉ ይስቁ ነበር። የእሳቸው ሙሽራም መስኮት ከፍታ ታጨበጭባለች። «ስድስት!» አለ ደምሴ፤ መቼ ወንበሩን እንደለቀቀ አላወቀም። ሰባተኛውን ግን ማንም አልቆጠረም፤ አስካለ እያለቀሰች ነበር፣ ሶልያናም መንገዱ ደበዘዘባትና መሪ ከያዘች ጀምሮ ያላደረገችውን አደረገች፤ ያየችውን ሳትናገር ነዳች።

አዳራሹ ደጃፍ ላይ ስትደርስ አክስቶቹ ጥርሳቸውን እየፋቁ ወጡ። ሙሽሮቹ ወረዱ። አስካለ በሾፌሩ በር በኩል ዞራ መጣች፤ አንገቷን በመስኮት አስገብታ እናቷን ጉንጯ ላይ ሳመቻትና ቀሚሷን ሰብስባ ገባች።

ሶልያና ብቻዋን ቀረች። መሪውን አንድ ጊዜ በመዳፏ ዳበሰችው፤ ከዚያ ሞተሩን አጠፋች።

«ጉዞው ተጠናቋል» አለ መካሪው። «ፈቃድዎ አብቅቷል። ነጥብዎ ከዜሮ በታች መቶ አሥራ ሁለት ነው። በከተማዋ እስከ ዛሬ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ነው።» ልማዱ ነውና ጨመረ። «የተሻለ ይቻላል።»

ሶልያና ቁልፉን ነቀለች።

«አይቻልም» አለችው፤ ወርዳም ወደ ሰርጉ ገባች።